የባንኳ እናት

1.

«እናቷ ሞታለች።»

ጋሽ እንግዳወርቅ ይህን ያሉት በስልክ፣ ለኮሌጁ አስተባባሪ ነው፤ የዎርክሾፑን በር በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ ጀርባቸውን ለሰልጣኞቹ ሰጥተው። ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸዋል። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጄኔሬተር አጠገብ የሠሩ ሰው ናቸው፤ የእሳቸው ሹክሹክታ አስፋልት ይሻገራል።

ትርሲት ሰማች። ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ፣ ካቻቢቴዋን እንደያዘች።

«የትኛዋ፣ ጋሼ?» አለች ቀና ሳትል። «የባንኳ?»

ጋሽ እንግዳወርቅ ዞሩ። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል።

«አዎ» አሉ በመጨረሻ። «የባንኳ።»


2.

አጭር መዝገበ ቃላት፤ ለዚህ ታሪክ የሚበቃ ብቻ።

እናት፦ እናንተ ማዘርቦርድ የምትሉት፤ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ያለው፣ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ሰፊ ሰሌዳ። ጋሽ እንግዳወርቅ «እናት የሚል ቃል እያለን በማዘር ምን አንከራተተን?» ብለው እናት አሉት። ሰልጣኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ለመዱት። እናቷ ታመመች። እናቷን አውጫት። እናቷ ሞታለች።

የባንኳ፦ አንድ ባንክ አሮጌ ዕቃውን ሲጥል የሰጣት፣ አልነሳ ያለች ጥቁር ኮምፒውተር። እዚያ ቤት ማሽን የሚጠራው በመጣበት ነው። የፍርድ ቤቷ አለች፣ የክሊኒኳም አለች።

ማጥፋት፦ ከድሮ ባለቤት የተረፈን ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ምኑንም ምናምኑንም ከማሽን ላይ መጥረግ። የቤቱ ሕግ፦ ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይጠፋም። ጋሽ እንግዳወርቅ ይህን ሕግ የጣሰ ሰልጣኝ አባረዋል።

ሞታለች፦ ይህንን እንኳ ታውቁታላችሁ።


3.

አሁን ወደ እናንተ ልዙር።

የሞተችው የባንኳ እናት አይደለችም። የሞቱት ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ የመሐል ሜዳ ከተማዋ ልብስ ሰፊ፣ የትርሲት እናት፣ ሌላ ልጅ የሌላቸው።

ጋሽ እንግዳወርቅ «አርፈዋል» ብለው ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚሁ ያልቅ ነበር፤ ሰሌዳን አንቱ የሚል ሰው የለምና። ግን በዕድሜ ስለሚበልጧቸው «ሞታለች» አሉ፤ የገዛ አፋቸው ያወጣው ስም ደግሞ ጠብቆ ያዛቸው። ልጅቷ ጠየቀች። መልሱንም ራሷ አቀበለቻቸው። የቀረው አዎ ማለት ብቻ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እዚህ ግን ጆሮ ሰምቷል። የሰማውን ነው ባዳ ያደረጉበት።

መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ በፈተና ሰሞን ለተማሪ አይነገርም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ የሚጥሰው ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ነገርኳችሁ። እንዳትነግሯት።


4.

ከሁሉ በፊት የገባው ስልክ፦

አጎት፦ ጤና ይስጥልኝ። የትርሲት አሠልጣኝ ነዎት?

ጋሽ እንግዳወርቅ፦ ነኝ። ማን ልበል?

አጎት፦ ጌጡ እባላለሁ፣ አጎቷ ነኝ። እህቴ አስካለ ዛሬ ጠዋት አረፈች።

ጋሽ እንግዳወርቅ፦ እግዚኦ!

አጎት፦ ልጅቷ እንዳትሰማ አደራ።

ጋሽ እንግዳወርቅ፦ እንዴት ያለ ነገር ነው? እናቷ እኮ ናት!

አጎት፦ ምዘናዋ ደርሷል አይደል? ይሄ ካለፋት ሌላ ዙር መጠበቅ ነው፤ ያ ደግሞ መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል። እኛ እንቀብራለን። ስትጨርስ እኔው መጥቼ አረዳታለሁ።

ጋሽ እንግዳወርቅ፦ ኋላ ምን ትለናለች?

አጎት፦ እናቷም ብላለች። «ልጄን እንዳታቋርጡብኝ» ብላለች።

ጋሽ እንግዳወርቅ፦ ብላለች?

አጎት፦ … ብላለች።

ነጥቦቹን እኔ አልጨመርኳቸውም። የአጎቷ ናቸው።


5.

ትርሲት ደብረ ብርሃን ካለው ኮሌጅ ለአፓረንት፣ ለሥራ ላይ ልምምድ፣ የተመደበችው እዚህ ዎርክሾፕ ነው። ሥራው አሮጌ ኮምፒውተር መፍታት፣ የሚድነውን አድኖ ለትምህርት ቤት መላክ፣ የማይድነውን ብረቱን ለብቻ ፕላስቲኩን ለብቻ መለየት። ሌሎቹ ሰልጣኞች አዲስ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ስላልደረሳቸው አኮረፉ። እሷ ግን የመጀመሪያ ቀን ገብታ ያን የማሽን ክምር ስታይ ቤቷ የገባች መሰላት።

ወይዘሮ አስካለ የስፌት መኪናቸው ሲበላሽ ሰው አይጠሩም ነበር። ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ ያነጥፉና እየፈቱ ብሎኖቹን በወጡበት ተራ ይደረድራሉ። «ተራውን ካበላሸሽ መኪናው አይደለም የሚጠፋሽ፤ ራስሽ ነሽ የምትጠፊው» ይላሉ። ትርሲት ዎርክሾፕ የመጣችው ያን የመሰለ ነጭ ጨርቅ ይዛ ነው። ሰዓዳ፣ አብራት የምትኖረው የከሚሴ ልጅ፣ «ብሎን ምሳ ልታበዪ ነው?» ብላ ሳቀችባት። ሳምንት ሳይሞላ ሰዓዳም ጨርቅ ገዛች።

ሞቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓርብ ትርሲት ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። እናቷ ካልጋ ከዋሉ ሰንብተዋል፤ ድምፃቸው በስልክ እየቀጠነ ሄዷል።

«እማ፣ ልምጣ?»

«ምዘናሽስ?»

«ይቅር።»

«አይ፣ አይቅር። ብቻ ድረሽልኝ።»

ድረሽልኝ።

ትርሲት ይህችን ቃል ስታገላብጥ ዋለች። ጨርሰሽ ድረሽልኝ ነው ወይስ ሳልሄድ ድረሽልኝ? ሰዓዳ ሻንጣውን ከፍታ ልብሶቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች። «ሰኞ ሳትመለሺ ብትቀሪ እናትሽ ራሷ አትምርሽም» አለቻት። ያን ጊዜ ሰዓዳ ምንም አታውቅም ነበር፤ ይህ ይመዝገብላት።


6.

እናት ሞታለች ከመባሏ በፊት ማድረግ ያለብሽ። (ጋሽ እንግዳወርቅ ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ በቃል የሚያስጠኑት ነው። ትርሲት ያን ቀን የባንኳን ስትከፍት በከንፈሯ ታነበንበው ነበር።)

ገመዱን ንቀዪ። አቧራውን በብሩሽ አውጪ፤ በአፍሽ አትንፊ፣ ምራቅ ዝገት ነው።

ትንሿን ባትሪ አውጥተሽ መልሺ።

ራሟን፣ ቀጭኗን የማስታወሻ ሰሌዳ፣ ነቅለሽ ወርቃማ ጥርሶቿን በላጲስ ፈትጊ። አዎ፣ በተማሪ ላጲስ። አትሳቂ።

መልሰሽ ስኪ። ሞክሪ።

እምቢ ካለች እንደገና ፈትጊ።

ቸኩለሽ ሞታለች አትበዪ። እዚህ ቤት በሕይወት ሳሉ የተቀበሩ ብዙ ናቸው።


7.








(የቀብሩ ቁራጭ የሚገባው እዚህ ነበር። ትርሲት ስላልነበረች እኛም አንሄድም።)


8.

«ጋሼ! ጋሼ! እናቷ አልሞተችም!»

ትርሲት ከወንበሯ ተነስታ ነው የጮኸችው። የባንኳ ማራገቢያ ይዞራል፤ ስክሪኗ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይወርዳል። ላጲሱ አሁንም በጣቶቿ መካከል ነው።

«አልሞተችም እኮ! ዝም ብላችሁ ነው ሞታለች ያላችሁት! ራሟ ቆሽሾ ነው!»

ጋሽ እንግዳወርቅ ያን ጊዜ ሻይ ይዘው ነበር። ብርጭቆውን የሚያስቀምጡበት አጡ። ከጠዋት ጀምሮ ነገሩን የተነገራት ሰዓዳ በሻርፗ አፏን ይዛ ወጣች፤ ሽንት ቤት የሮጠች መሰለች።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ትርሲት እየሳቀች። «ደስ አይላችሁም?»

«ደስ ይለናል እንጂ» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ። «ተባረኪ ልጄ። ተባረኪ።»

ሄደው ቧንቧው ሥር ፊታቸውን ታጠቡ። ሲመለሱ ፊታቸውን አልጠረጉትም፤ ስለዚህ የትኛው ውሃ የቧንቧው እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር።


9.

አመሻሹ ላይ ወደ ወይዘሮ አስካለ ስልክ የተደወለ፦

ትርሲት፦ እማ!

ጌጡ፦ እኔ ነኝ።

ትርሲት፦ አጎቴ? እማ የታለች?

ጌጡ፦ ተኝታለች።

ትርሲት፦ ገና ጀምበር ሳትጠልቅ?

ጌጡ፦ ደክሟት ነበር። አረፍ ብላለች።

ትርሲት፦ ይሄ ሁሉ ጫጫታ ታዲያ ምንድነው?

ጌጡ፦ ሰርግ ነው። ጎረቤት።

ትርሲት፦ በሁዳዴ?

ጌጡ፦ …

ትርሲት፦ አጎቴ?

ጌጡ፦ እድር ማለቴ ነው። የእድሩ ሰው ተሰብስቦ ነው።

ትርሲት፦ (እየሳቀች) ሰርግና እድር ይምታታብህ ጀመር? አረጀህ በቃ! ስትነቃ፣ ልጅሽ ዛሬ የሞተች እናት አስነሳች በላት። ግራ ይገባታል፣ ግን በላት።

ጌጡ፦ እላታለሁ።

ልብ በሉ፤ ሰውዬው ከሰርጉ በቀር አንድም የለየለት ውሸት አልተናገረም። ተኝታለች። አረፍ ብላለች። የእድሩ ሰው ተሰብስቧል። አማርኛችን መደበቅ ለፈለገ ሰው ጓዳ ሞልቶታል። «እላታለሁ» ያላትንም ሄዶ መቃብሩ ላይ ብሏት እንደሆን አላውቅም፤ ብሏት ከሆነ ደስ ይለኛል።


10.

ከዚያ ወዲያ ደግነት መጣ።

ትርሲት ወደ እናቷ በደወለች ቁጥር ጌጡ «ተኝታለች» ይላታል። ሰዓዳ የትርሲትን ልብስ አጠበች። ጋሽ እንግዳወርቅ ምሳ ካልጋበዝኩሽ ብለው ያዟት። የኮሌጁ አስተባባሪ፣ ስሟን እንኳ በቅጡ የማይጠራው ሰውዬ፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «በርቺ» አላት። የግቢው ዘበኛ ስትገባ ከመቀመጫው ይነሳላት ጀመር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የሚል ሕዝብ ልጅ ናት። ትርሲት ግን የባንኳን ስላዳነች የተከበረች መሰላት። እንዲያውም ትንሽ ኮራች፤ ዘበኛውን «ኧረ ይቀመጡ አባባ» እያለች በኩራት ታልፈው ነበር። ይህን መጻፍ ከሁሉ ይልቅ አንጀቴን ይበላዋል።

አንድ ከሰዓት ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታ ወጣች። መልእክት ገባ፤ ከአገር ቤት፣ የድሮ የክፍል ጓደኛዋ ናት። «ትርሲትዬ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል። ሰዓዳ አነበበችው። በሩን አየች።

አጠፋችው።


11.

የምዘናው ቀን መዛኙ አንድ የማትነሳ ማሽን ፊቷ አስቀመጠላት። ትርሲት ነጩን ጨርቅ አነጠፈች። ሰውዬው ቅንድቡን ሰቀለ። ብሎኖቹን በተራ ደረደረች፣ ባትሪዋን አወጣች፣ ጥርሶቿን በላጲስ ፈተገች። የእናቷን እጅ ታይ ነበር፤ እንዴት ሳይቸኩሉ ቶሎ እንደሚጨርሱ።

ማሽኗ ተነሳች። መዛኙ የሆነ ነገር ጽፎ ወረቀቱን አዞረላት።

ብቁ።

ስልኳን እያወጣች ወደ ውጭ ሮጠች። ሻንጣዋ ከጠዋት ጀምሮ ተዘጋጅቷል፤ አውቶቡሱ ባያመልጣት ዛሬውኑ ትደርሳለች። «ደረስኩልሽ» ልትል ነው። ቃሉን መንገድ ላይ ስትለማመደው ነበር።


12.

የግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ጋሽ እንግዳወርቅ። ሰዓዳ። አስተባባሪው። ከፊታቸው አጎቷ ጌጡ፣ ጥቁር ሹራብ ለብሶ።

መጀመሪያ ደስ አላት። «አጎቴ! ልትወስደኝ መጣህ?» ብላ ሮጠች።

ከዚያ ጺሙን አየች።

ጌጡ የቀድሞ ወታደር ነው። በሽታ ላይ ሆኖ እንኳ ጺሙን ሳይላጭ ከቤት አይወጣም። ለሐዘን ካልሆነ በቀር። ትርሲት ቆመች። ያ ጺም የዛሬ አይደለም። የትናንትም አይደለም። አገጩን ሸፍኖ ወደ አንገቱ ወርዷል፤ ሽበቱ ሳይቀር ረዝሟል። ማሽንን በአቧራው ውፍረት ይህን ያህል ጊዜ ተቀምጧል ብላ መገመት የለመደች ልጅ ናት። ገመተች።

«ትርሲትዬ» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ። «እናትሽ…»

ሁሉም ነገር በአንዴ ገባት። በሩ፣ ስልኩ፣ የተከፈተው አፋቸው፣ ቧንቧው፣ ሰርጉ፣ ዘበኛው።

«የባንኳ ነው ያሉኝ» አለች።

በቀስታ ነው ያለችው። ሊያለቅሱላት የመጡት ሰዎች ጩኸቷን ይዘው ሊጮኹ ተዘጋጅተው ነበር፤ ጩኸቱ ግን አልመጣም።

«ጋሼ፣ ‘የትኛዋ?’ ብዬ ጠየቅኩዎት እኮ። ‘የባንኳ’ አሉኝ።»


13.

ያን ቀን ከመሳፈሯ በፊት የጠየቀችው፣ የተመለሰላትም፦

— ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?

— አውቅ ነበር ልጄ። ላንቺው ብዬ ነው።

— ሰዓዳ፣ ታውቂ ነበር?

— ላንቺ ብዬ ነው ትርሲትዬ። ወላሂ ላንቺ ብዬ ነው። እንቅልፍ አልተኛሁም።

— መልእክት መጥቶልኝ ነበር?

— አጠፋሁት።

— ሳትጠይቂኝ?

— …

— አባባ፣ እርስዎስ?

— (ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀ።)

— አጎቴ፣ እውነት ‘እንዳታቋርጡብኝ’ ብላለች?

— ላንቺ ብለን ነው።

— እሱን አልጠየቅኩህም። ብላለች? ወይስ ‘ጥሩልኝ’ ነው ያለችው?

— …

— አፈር አላለበስኳትም እኮ አጎቴ። ፊቷን አላየሁም። አፈር ሲያለብሷት እኔ ላጲስ ይዤ እስቅ ነበር። አንተ ደግሞ በሁዳዴ ሰርግ ብለህ አሳቅኸኝ።

ያን ጊዜ ጮኸች። የጠበቁት ጩኸት ግን አልነበረም። ሐዘንተኛ የሚጮኸው ወደ ሰው ነው፤ ሰው ደረቱን ይሰጠዋል። እሷ ግን፣ ሰዓዳ ልታቅፋት ስትመጣ፣ በሁለት እጇ ገፋቻትና ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታ፣ ወደ ግንቡ ዞራ ጮኸች።


14.

ከሐዘን ስትመለስ ብቁ የሚለውን ወረቀቷን ለመውሰድ ዎርክሾፑ መጣች። ጋሽ እንግዳወርቅ ከስተዋል። ሰዓዳ ሌላ ቤት ተከራይታለች። የባንኳም መደርደሪያው ላይ፣ ለትምህርት ቤት ከሚሄዱት ጋር ተደርድራለች።

አንድ አዲስ ሰልጣኝ የክሊኒኳን ከፍቶ «ጋሼ፣ እና—» ብሎ ጀመረ። ጋሽ እንግዳወርቅ አፉን በእጃቸው ሊይዙት ምንም አልቀራቸውም።

«ማዘርቦርድ» አሉ። «ማዘርቦርድ ነው የምንለው።»


15.

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ግን ትርሲት ስለ እሷ እየጻፍኩ መሆኑን ሰምታ መጣችና ወረቀቶቹን አምጣ አለችኝ። ደብቅ ደብቅ አለኝ፤ ላንቺ ብዬ ነው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አፈርኩና ሰጠኋት።

ከአንድ ጀምራ አነበበች። ሦስት ላይ ስትደርስ ቆመች። ጣቷን «ነገርኳችሁ። እንዳትነግሯት።» የሚለው ላይ አሳረፈች።

«እነዚህ ‘እናንተ’ የምትላቸው እነማን ናቸው?»

«አንባቢዎች ናቸው» አልኳት።

«ከዚህ ጀምሮ ያውቁ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

«እናቷ አልሞተችም ብዬ ስጮህ? ከአጎቴ ጋር ስስቅ? ዘበኛውን ይቀመጡ ስል? ሁሉንም እያወቁ ያዩኝ ነበር?»

ወረቀቱን ወደ እናንተ አዞረችው። ጥያቄዋን እንዳለችው ጽፌዋለሁ፤ የመልሱን ቦታ አልነካሁም።

ትርሲት፦ እናንተስ ለምን ዝም አላችሁ?

እናንተ፦